አሮጌ ላፕቶፕ ራውተር ስትሆን

ዓርብ ማታ የቤታችን ራውተር ሞተ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤዝመንት ለሦስት ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ የስልክ ዳታ እዚያ ታች በደንብ አይሠራም። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደግሞ አብሮን የሚኖረው ልጅ በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለው። ሱቆች ተዘግተዋል። ሞደሙ ግን ደህና ነው።

ራውተር ማለት ሁለት የኔትወርክ በር ያላት ትንሽ ኮምፒውተር ናት። እኔም ኡቡንቱ የተጫነባትን አሮጌ ላፕቶፔን አወጣሁ። ኬብሉን ከሞደሙ ጋር አገናኘሁ፤ ዋይፋይዋን ደግሞ ሌሎች እንዲገናኙበት ሆትስፖት አደረግሁት። ከዚያ ሦስት ሥራ ሰጠኋት።

አንደኛው አድራሻ ማደል ነው። ራሷን 192.168.50.1 ብዬ ሰየምኳት፤ ለስልኮቹና ለኮምፒውተሮቹ ከዚያው ተርታ እንድታድል አዘዝኳት። እነዚህ አድራሻዎች ለግል ኔትወርክ ብቻ የተመደቡ ስለሆኑ ኢንተርኔት ላይ አያገለግሉም።

ሁለተኛው ማሳለፍ ነው። ሊኑክስ ለራሱ ያልተላከ ፓኬት ሲደርሰው እንደ ነገሩ ይጥለዋል። አይፒ ፎርዋርዲንግ የሚባለውን ቁጥር ከ0 ወደ 1 ስንቀይረው ግን ያሳልፋል።

ሦስተኛው ናት ነው። አንድ በር ያለው ግቢ አስቡ። የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ የግቢውን አድራሻ ይይዛል፤ ዘበኛው ማን እንደላከው በፖርት ቁጥር ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል።

በመጀመሪያ ሞደሙ አድራሻ አልሰጥ አለ፤ የሞተውን ራውተር ነበር የሚያስታውሰው። ከሶኬት ነቅዬ መልሼ ስሰካው ተቀበላት። ቀጥሎ ስልኮቹ ቢገናኙም ድረ ገጽ አልከፍት አሉ። ወደ 8.8.8.8 ፒንግ ሳደርግ መልስ አለ፤ በስም ስጠይቅ ግን የለም። ለካ ፋየርዎሉን ሳጠብቅ ዲኤንኤስ የሚጠየቅበትን ፖርት 53ንም ዘግቼዋለሁ። ለቤት ውስጥ ብቻ ከፈትኩት፤ ለውጭ እንደተዘጋ ቀረ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሁሉም ሠራ፤ ተኛሁ።

ጠዋት ልጁ «ኔት የለም!» እያለ ቀሰቀሰኝ። ቡና ሊያቀርብ ጠረጴዛውን ሲያስተካክል ላፕቶፗን ከድኗታል፤ እሷም ተኝታለች። አልነቃ ስትል አጥፍቼ አስነሳኋት። ዋይፋዩ ተመለሰ፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም። ቃለ መጠይቁ 15 ደቂቃ ቀርቶታል። የናቱን ሕግ አየሁ፤ በፋይል አስቀምጬው ስለነበር አለ። ያንን አንድ ቁጥር ስጠይቅ ግን 0 አለኝ። ማታ በትእዛዝ ብቻ ስለቀየርኩት ኮምፒውተሯ ስትነሳ ጠፍቷል። 1 አልኩት፤ ልጁ 4 ደቂቃ ሲቀረው ገባ።

እሱ ሲያወራ እኔ ቁጥሩን በማዋቀሪያ ፋይል ጻፍኩ፤ ክዳኗ ሲዘጋም እንዳትተኛ አደረግሁ። ከሞከራችሁት፣ ሠራልኝ ብላችሁ ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ አጥፍታችሁ አስነሷት። ለራሳችሁ ብቻ ሲሆን ቢቋረጥ ትታገሡታላችሁ፤ ራውተር ካደረጋችኋት በኋላ ግን ሌላ ሰውም ይጠብቃታል።