ማንም ያልደፈረው የብሪያን ላራ 400

ቡላዋዮ፣ ዚምባቡዌ፤ ጁላይ 7 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የደቡብ አፍሪካው ዊያን ሙልደር 367 ራን አስቆጥሮ ወደ ምሳ እረፍት ገባ። የዓለም ሪከርዱ 400 ነው። 34 ራን ብቻ ከጨመረ ስሙ ከሁሉም በላይ ይጻፋል። የዚምባቡዌ ወርዋሪዎች ዝለዋል፣ ጨዋታው ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ የቡድኑ አምበል ደግሞ ሌላ ሳይሆን ራሱ ሙልደር ነው። ከምሳ በኋላ ግን ወደ ሜዳ አልተመለሰም። «ይበቃናል» ብሎ ዘጋው! ለምን ሲሉት ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ ቡድኑ የሚፈልገውን ያህል ራን ይዟል፤ ሁለተኛ ሪከርዱ የሚገባው ለብሪያን ላራ ነው።

ለኳስ ተመልካች ይሄ ግራ ያጋባል። አንድ አጥቂ በረኛውን አልፎ ባዶ ጎል ፊት ከደረሰ በኋላ «ይህቺ ጎል የእከሌን ሪከርድ ትሰብራለች» ብሎ ኳሷን ሲተዋት አስቡት እስቲ። ላራ ራሱ እንኳ በኋላ ሙልደርን ሲያገኘው መሞከር ነበረብህ ብሎታል።

ታዲያ እንዲህ የሚፈራውና የሚከበረው ላራ ማነው? ከዚያ በፊት ስለ ጨዋታው ሁለት መስመር እንበል። በክሪኬት መቺው ወይም ባትስማኑ ኳሷን በባት ይመታና ከጓደኛው ጋር ቦታ ተቀያይሮ ሲሮጥ አንድ ራን ይቆጠርለታል። ኳሷ መሬት ነክታ ድንበሩን ካለፈች 4፣ በአየር ካለፈች 6 ነው። ወርዋሪው ከባትስማኑ ኋላ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ከመታ ወይም የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች በቃ፣ ወጣ። የቴስት ጨዋታ የሚባለው ትልቁ ውድድር እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። 100 ራን የመታ ባትስማን በኛ ቋንቋ ሀትሪክ እንደሠራ ነው። 400 ግን ሌላ ነገር ነው።

ላራ በ1969 በትሪኒዳድ ሳንታ ክሩዝ ከ11 ልጆች አሥረኛው ሆኖ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ ወደ ክሪኬት ማሠልጠኛ ያስገቡት የቤተሰቡ ሰዎች ናቸው። በልጅነቱ እግር ኳስም ጠረጴዛ ቴኒስም ይጫወት ነበር። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች የ1999ኙን ሦስት ዋንጫ ሲያስቡ የማይረሱት ድዋይት ዮርክ የቅርብ ጓደኛው ነው። ልዩነታቸው ዮርክ በ2006 የጀርመን ዓለም ዋንጫ የትሪኒዳድና ቶቤጎን ማልያ በአምበልነት ሲለብስ፣ ላራ ግን የአገሩን ስም ብቻ ይዞ አልተጫወተም። በክሪኬት የካሪቢያን ደሴቶች ተጠቃለው አንድ ቡድን ናቸው፤ ስሙም ዌስት ኢንዲስ።

ያ ቡድን ደግሞ ቀልድ አልነበረም። ከ1980 እስከ 1995 አንድም የቴስት ተከታታይ ውድድር አልተሸነፈም። ላራ የገባው እነዚያ አንበሶች ማርጀት ሲጀምሩ ነው። በ1989 አባቱ በልብ ድካም ሞቱ፤ ልጃቸው በዌስት ኢንዲስ ማልያ ቴስት ሲጫወት አላዩም። የመጀመሪያ ጨዋታው በ1990 መጨረሻ ላሆር ላይ ከፓኪስታን ጋር ሆነ። በጃንዋሪ 1993 ሲድኒ ላይ አውስትራሊያን ሲገጥም 277 መታ። ሊያስወጡት አልቻሉም፤ የወጣው በሩጫ ስህተት ነው። በኋላ የወለዳትን ሴት ልጁን ሲድኒ ብሎ ሰየማት።

ከዚያ 1994 መጣ። አንቲጓ ላይ ከእንግሊዝ ጋር በሚያዝያ ወር 375 ራን! ጋሪ ሶበርስ በ1958 ያስመዘገበው 365 ለ36 ዓመት ቆይቶ ነበር። ሪከርዱን የሰበረችውን ኳስ ሲመታ እግሩ እንጨቶቹን ነካክቶ ነበር፤ በላያቸው የምትቀመጠው ቁራጭ እንጨት ብትወድቅ ኖሮ ላራ ከሜዳ ይወጣ ነበር። አልወደቀችም። ተመልካቹ ሜዳውን ወረረው፣ ሽማግሌው ሶበርስ ራሳቸው ገብተው አቀፉት፣ ላራም ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ።

ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ በእንግሊዝ ለዋሪክሺር ክለብ ሲጫወት ደርሃም ላይ 501 አስቆጠረ፤ በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነው። በዚያን ዕለት ብቻ 390 መትቷል። የሚገርመው ግን ጅምሩ ነው። 12 ላይ እያለ እንጨቶቹ ተመትተው ነበር፤ ውርወራው ሕገወጥ በመሆኑ ተረፈ። 18 ላይ ደግሞ የደርሃም በረኛ ቀላል ኳስ አምልጦት ወደቀች። የዚያች ኳስ ዋጋ 483 ራን ሆነ!

በ25 ዓመቱ ከላይ የሚወጣበት ጫፍ አልቀረውም። ችግሩም የጀመረው እዚያው ነው። በ1995 በእንግሊዝ ጉዞ ከቡድኑ ተለይቶ ሄዶ ተመለሰ፤ በዓመቱ መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ አልሄድም አለ። አምበል ሲሆን ባሰ። በ1998 ወደ ደቡብ አፍሪካ ከመሄዳቸው በፊት ተጫዋቾቹ በክፍያ ጉዳይ ለንደን ላይ አድማ መቱ፤ ቦርዱ ላራን ከአምበልነት አንስቶ መልሶ ሾመው። ውጤቱ 5 ለ 0 ሽንፈት ሆነ።

ቀጥሎ አውስትራሊያ መጣች። በትውልድ አገሩ ትሪኒዳድ በሕዝቡ ፊት ቡድኑ በ51 ራን ብቻ ተጠራርጎ ወጣ። ላራ እንደ ማንም አሠልጣኝ በጠላት ጎራ ቢፈለግ የማይገኝ ስድብ ጠገበ። በሚቀጥለው ጨዋታ ኪንግስተን ላይ 213 መትቶ አሸነፉ። ከዚያ ባርቤዶስ።

ብዙዎች ትልቁ ጨዋታው 400ው ነው ይላሉ። አይደለም፤ ትልቁ የባርቤዶሱ 153 ነው። ለማሸነፍ 308 ያስፈልጋል። ቡድኑ 105 ላይ አምስት ሰው አጥቷል። ተጋጣሚዎቹ ማግራዝ፣ ጊለስፒ፣ ዋርን ናቸው፤ ክሪኬት የሚያውቅ ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ ይበቃዋል። ማግራዝ ጭንቅላቱን በኳስ መታው፤ ላራ ተነስቶ መምታቱን ቀጠለ። 248 ላይ ስምንተኛው ሰው ወጣ። የአውስትራሊያው በረኛ ሂሊ አንዴ ላራን ሊቀልበው ሲል አመለጠው። ድሉ ጥቂት ራን ሲቀረው ዘጠነኛው ሄደ፤ የመጨረሻው ኮርትኒ ዋልሽ ገባ። ዋልሽ ድንቅ ወርዋሪ እንጂ ባት የመያዝ ነገር አያውቅበትም፤ ስታዲየሙ በሙሉ እሱ ላይ ኳስ ሲወረወር ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ዋልሽ ተረፈ፣ ላራ አሸናፊዋን 4 መታ። ተከታታዩም 2 ለ 2 ተጠናቀቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ብቻውን የቀረ ሰው ታሪክ ነው። በ2001 ስሪላንካ ላይ በሦስት ጨዋታ 688 ራን አስቆጠረ፤ ቡድኑ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ከ131 የቴስት ጨዋታዎቹ ግማሽ ያህሉን የጨረሰው በሽንፈት ነው። በኦክቶበር 2003 አውስትራሊያዊው ማቲው ሃይደን 380 መትቶ ሪከርዱን ነጠቀው። ስድስት ወር ያህል ብቻ ቆየ። በኤፕሪል 2004 እዚያው አንቲጓ፣ እዚያው እንግሊዝ ላይ፣ 582 ኳሶችን ገጥሞ 400 አስቆጠረ። የተነጠቀ ሪከርድን መልሶ የወሰደ እሱ ብቻ ነው።

ሁሉም ግን አላጨበጨበም። ቡድኑ ያን ተከታታይ ቀድሞ 3 ለ 0 ተመርቷል፣ ኪንግስተን ላይም በ47 ራን ወጥቶ ነበር። ላራ ለራሱ ቁጥር ሲል ጊዜ በላ፣ ጨዋታውም በአቻ አለቀ ተባለ። የአውስትራሊያው ሪኪ ፖንቲንግ ከተቺዎቹ አንዱ ነበር። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ግን 4 ለ 0 ከመሸነፍ ያዳናቸውም ያው 400 ነው።

መጨረሻው ኤፕሪል 21 ቀን 2007 መጣ፤ በዓለም ዋንጫው፣ እዚያው ባርቤዶስ። 18 ላይ እያለ ማርሎን ሳሙኤልስ ለሩጫ ጠራውና መልሶ ከለከለው፣ ኬቨን ፒተርሰን እንጨቱን ከሩቅ መታ። ልክ እንደ ሲድኒ፣ በሩጫ ስህተት። 11,953 የቴስት ራንና 34 ሴንቸሪ ይዞ ወጣ። ከጨዋታው በኋላ ማይክ ጨብጦ ሕዝቡን የጠየቀው ስለ ሪከርዱ አልነበረም፤ አዝናንቻችኋለሁ ወይ ነው ያለው። ስታዲየሙ በጩኸት መለሰለት።

በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ብሪዝቤን ውስጥ በኮሜንታተርነት ተቀምጦ ነበር። ጥበቃ ሆኖ ይሠራ የነበረው የጋያናው ሻማር ጆሴፍ በታመመ የእግር ጣቱ ሰባት አውስትራሊያውያንን አስወጥቶ ዌስት ኢንዲስ በ8 ራን አሸነፈ፤ በዚያ አገር ከ27 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የቴስት ድል። ማይክሮፎኑ ክፍት ነው። ላራ ድምፁ ተቆራረጠ፣ አጠገቡ የነበረው የአውስትራሊያው አዳም ጊልክሪስት ሲያቅፈው እንባውን መቆጣጠር አልቻለም።