ሕዋስ ስንቁን አይቶ ጂኑን ይከፍታል

አንዲት ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚሰብር አንድ ኢንዛይም ለመሥራት ኤቲፒ ከተባለው ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል ከ16,000 በላይ ታወጣለች። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ይህ ኢንዛይም የአራት ሰንሰለቶች ጥምር ነው፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት ከ1,000 በላይ አሚኖ አሲድ አለው፤ አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላው ላይ ለመቀጠል ቢያንስ የ4 ኤቲፒ ዋጋ ይከፈላል። ባክቴሪያዋ ላክቶስ በምትበላበት ጊዜ ደግሞ ኢንዛይሙ በሆዷ ውስጥ በሺህ ይቆጠራል። ላክቶስ በሌለበት ይህን ሁሉ መሥራት ኪሳራ ነው። ላክቶስ ኖሮም ከእሱ የሚሻለው ግሉኮስ አጠገቧ ካለ ያው ኪሳራ ነው። ጂን ለምን እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ለመረዳት ከዚህ ሂሳብ መነሳት ይበጃል፤ ጂንን ሥራ ላይ ማዋል ወጪ አለው፣ ወጪውም የሚሸፈነው ከዚያው ከሚያልቀው ስንቅ ነው።

ይህ ቁጥብነት በግልጽ የተመዘገበው ፓሪስ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ዘመን ነው። ዣክ ሞኖ በሶርቦን ሁለት ስኳር የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ያሳድግ ነበር። ሕዋሶቹ በፍጥነት ተባዙ፣ ቆሙ፣ ጥቂት ቆይተው እንደገና መባዛት ጀመሩ። የሚመርጡትን ስኳር ሳይጨርሱ ሁለተኛውን አይነኩም ማለት ነው፤ በመሃል ያለው ቆይታ ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ኢንዛይም የሚሠራበት ጊዜ ነው። ሞኖ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1941 የዶክትሬት ጽሑፉ ውስጥ አሰፈረው። ከፍራንስዋ ዣኮብ ጋር ሆኖ ጂኑን ስለሚዘጋው ፕሮቲን የጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ግን የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ በ1961 ነው። በ1965 ሁለቱ ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ባክቴሪያዋ ግሉኮስ መኖሩን በምን ታውቃለች? መልሱ በጣም ያምራል። ግሉኮስን ወደ ውስጥ ከሚያስገቡት ፕሮቲኖች አንዱ ፎስፌት ይሸከማል፤ ግሉኮስ ባለፈ ቁጥር ፎስፌቱ ለስኳሩ ይተላለፋል። ስለዚህ ግሉኮስ በሚጎርፍበት ጊዜ ፕሮቲኑ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው፤ ግሉኮስ ሲጠፋ ግን ፎስፌቱን እንደተሸከመ ይቀራል። ባዶው ፕሮቲን ሄዶ ላክቶስ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ፎስፌት የያዘው ደግሞ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን መልእክተኛ የሚሠራውን ኢንዛይም ያነቃቃል፤ መልእክተኛውም የላክቶስ ጂኖች በብዛት እንዲቀዱ ያደርጋል። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ታሪኩን በሙሉ ለሳይክሊክ ኤኤምፒ ይሰጡታል። በ1996 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ግን የዚህ መልእክተኛ መጠን ግሉኮስ በሚበላበትም ላክቶስ በሚበላበትም ጊዜ ዝቅተኛ እንደሆነ፣ ከፍ የሚለውም በመሃሉ ቆይታ ብቻ እንደሆነ አሳየ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የበሩ መዘጋት ነው። ይህን እርማት አጥብቄ የምይዘው ስለ ሕዋስ ያለንን አስተሳሰብ ስለሚያቃና ነው። ስኳሩን የሚያስገባውና ስኳሩ መኖሩን የሚያሳውቀው ያው ፕሮቲን ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠር አለቃ የለም።

በእኛም ሕዋሶች መሠረቱ ይኸው ነው። ኤቲፒ ሠርቶ አንድ ፎስፌት ሲጥል ኤዲፒ ይሆናል። ኤዲፒ ሲበዛ ሁለት ኤዲፒዎች ይገናኙና አንዱ ፎስፌቱን ለሌላው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ኤቲፒ፣ ሰጪው ኤኤምፒ ሆነው ይለያያሉ። በአንድ ሕዋስ ውስጥ 100 ኤቲፒ፣ 10 ኤዲፒና 1 ኤኤምፒ አለ እንበል። ጠቅላላ ቁጥራቸው ሳይለወጥ ኤቲፒ በአንድ አሥረኛ ያህል ቢወርድ ኤኤምፒ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ኤቲፒን ብቻ የሚከታተል ሕዋስ ችግሩን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ኤኤምፒን የሚከታተል ግን ገና ከጅምሩ ይሰማዋል። ኤኤምፒኬ የተባለው ኢንዛይም የሚነቃው ኤኤምፒ ሲጣበቅበት ነው።

ሲነቃ ከሚያስቆማቸው ሥራዎች አንዱ ራይቦዞም መሥራት ነው። ራይቦዞም ፕሮቲን የሚሠራበት ማሽን ነው፤ በፍጥነት በሚያድግ እርሾ ውስጥ ከሚቀዳው አርኤንኤ 60 በመቶ ያህሉ የሚውለው ለዚሁ ማሽን አካል ነው። ጎተራው የተራቆተ ቤተሰብ አዲስ ጎጆ መቀለሱን እንደሚያቆመው ሁሉ ስንቅ ያነሰው ሕዋስም ይህን ግንባታ ያቆማል። በ2009 በሃይድልበርግ የኢንግሪድ ግሩምት ቡድን ኤኤምፒኬ ለዚህ ቅጂ ግድ የሆነውን አንድ ፕሮቲን ፎስፌት ለጥፎበት ከሥራ እንደሚያስወጣው አሳይቷል።

ይህ ፈጣኑ መዝጊያ ነው። ከዚህ የጠለቀም አለ። ኤንኤዲ የተባለው ሞለኪውል ስኳር ሲሰባበር ኤሌክትሮን ይረከባል፤ ግሉኮስ ሲያንስ ባዶ እጁን የቀረው ይበዛል። ሲርት1 የተባለው ኢንዛይም ያለዚህ ባዶ ኤንኤዲ አይሠራም። በ2008 በጃፓን የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሲርት1 ከሁለት ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጣምሮ የራይቦዞም ጂኖች ላይ ይሰፍራል፤ ዲኤንኤው ከሚጠቀለልባቸው ፕሮቲኖች የመክፈቻውን ምልክት እያነሳ የመዝጊያውን ያስለጥፋል። ይህ ጥምረት የተበላሸባቸው ሕዋሶች ግሉኮስ ሲነፈጉ እንኳ ግንባታውን አላቆሙም፤ ኃይላቸውን ጨርሰው ሞቱ።

ረሃብ ግን ጂን መዝጋት ብቻ አይደለም። ከእራት ወዲህ እህል ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጉበቱ ውስጥ፣ ስኳርን ከሌሎች ነገሮች የሚሠሩ ኢንዛይሞች ጂኖች ይከፈታሉ። በ2005 በአይጥ ጉበት ላይ እንደታየው እነዚህን ከሚያስከፍቱት አንዱ ራሱ ሲርት1 ነው። አንዱ ኢንዛይም እዚያ ይዘጋል፣ እዚህ ይከፍታል፤ የሚለየው አብሮት የሚሠራው ፕሮቲን ነው።

ጥጋብም የራሱ ምልክት አለው። ያ የመክፈቻ ምልክት፣ አሲታይል የሚባለው፣ የሚወሰደው ከአሲታይል ኮኤ ነው፤ አሲታይል ኮኤ ደግሞ ምግብ ሲሰባበር የሚገኝ ነው። ሕዋስ ግሉኮስ ሲያገኝ ጂን መክፈቻውም እንደሚበዛለት በ2009 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሳል። አሲታይል ኮኤ የሚፈስሰው በኒውክሊየሱ ሁሉ ከሆነ አንዱ ጂን ተለይቶ የሚከፈተው እንዴት ነው? በ2017 ከአይጥ አንጎል የተገኘ አንድ መልስ አለ፤ አሲታይል ኮኤን የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ ለትውስታ በሚያስፈልጉ ጂኖች አጠገብ ተቀምጦ ተገኘ፣ መጠኑ እንዲቀንስ ሲደረግም አይጦቹ ዕቃ የነበረበትን ቦታ ማስታወስ ከበዳቸው።