ወገቧ ያጠረ ቮልስ

የአዲስ አበባ ሰው ቮልስን የሚያውቃት በጎበጠ ጣሪያዋ፣ በክብ መብራቷና ከኋላ በሚንደቀደቀው ሞተሯ ነው። መካኒክ ግን ከዚያ አልፎ ያያል። ያ ሁሉ ቅርጽ ከወለሉ ጋር የተያያዘው ዙሪያውን በተደረደሩ ብሎኖች ነው። ብሎኖቹ ሲፈቱ ቦዲው እንደ ድስት ክዳን ብድግ ይላል፤ ወለሉ ግን ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውን፣ ፍሬኑንና አራቱን ጎማዎች እንደያዘ ይቀራል። ወንበር ከታሰረበትና ነዳጅ ካገኘ ያለ ቦዲም ይነዳል።

ከመኪና ፋብሪካ ውጭ፣ በሰው ግቢና በቤት ጋራዥ ውስጥ በተሠሩ መኪኖች ታሪክ ይህ ወለል ትልቅ ቦታ አለው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ አነስተኛ ድርጅት ቦዲውንና ጥቂት መገጣጠሚያዎችን ብቻ አዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ገዢው የቀረውን ከአንዲት አሮጌ መኪና ነቅሎ በገዛ እጁ ይገጥማል። ተሸጦ የሚመጣው ዕቃ ኪት ይባላል፣ አካሏን የምትሰጠው አሮጌ መኪና ደግሞ ለጋሽ። ከባዱን የምህንድስና ሥራ የለጋሿ ፋብሪካ አስቀድሞ ጨርሶታል። ሞተሩ ይነሣል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ መሪው ይታዘዛል። ስለዚህ የኪት መኪና ዕጣ ከምንም በላይ የሚወሰነው በለጋሿ ምርጫ ነው።

ቮልስን በዚህ ሥራ ያስታወቃት ብሩስ ሜየርስ የተባለ ካሊፎርኒያዊ ነበር። ሜየርስ በ1926 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገለገለ፤ ከዚያ በኋላ የፋይበር ግላስ ጀልባ ሥራን ተማረ። በዚያ ዘመን በባሕር ዳሩ አሸዋ ላይ የሚጋልቡት ሰዎች አብዛኞቹ ቦዲያቸው የተገፈፈ ከባድ የአሜሪካ መኪኖችን ይነዱ ነበር። ቮልስ ግን ቀላል ናት፤ ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር አያስፈልጋትም፤ የሞተሩም ክብደት የሚያርፈው በሚገፉት የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሆነ አሸዋውን ቆንጥጣ ትይዛለች። ሜየርስ የጀልባ ሙያውን ይዞ ወደ መኪና ገባና በ1964 ጣሪያና በር የሌላትን፣ ፓራፋንጎዋ ከፍ ያለ የመጀመሪያዋን ቀይ መኪና ጨረሰ። ሜየርስ ማንክስ የተባለችው የመኪና ዘር መነሻ ይህች ናት።

የመጀመሪያዋ ቀይ መኪና ግን በቮልስ ወለል ላይ አልተቀመጠችም። ቦዲዋ ራሱ ሻንሲ ሆኖ፣ ወጥ በሆነ ፋይበር ግላስ ተሠርታ ነበር። ጠንካራ ብትሆንም ለሥራ አስቸጋሪ፣ ለኪስም ከባድ ስለነበረች በዚህ አሠራር የተሸጡት ኪቶች ደርዘን ያህል ብቻ ናቸው። ሜየርስ ሐሳቡን ለውጦ ቦዲውን ባጠረ የቮልስ ወለል ላይ እንዲያርፍ አድርጎ እንደገና ነደፈው። ኪቱ ረከሰ፣ ሥራው ቀለለ፣ ማንኛውም ትጉ ሰው በግቢው ሊሞክረው የሚችል ሆነ።

ዝናውን ያመጣው ግን በረሃው ነው። በ1967 ሚያዝያ ሜየርስና ቴድ ማንገልስ ያችኑ ቀይ መኪና ይዘው ከሜክሲኮዋ ላ ፓዝ ተነሥተው በባሃ ካሊፎርኒያ ልሳነ ምድር አሸዋና ድንጋይ ላይ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቲዋና ገቡ። በሞተር ብስክሌት ተይዞ የነበረውን ክብረ ወሰን ከአምስት ሰዓት በላይ አሻሻሉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዚሁ ምድር የመጀመሪያው የሜክሲካን 1000 ውድድር ሲካሄድም ያሸነፉት ቪክ ዊልሰንና ቴድ ማንገልስ በማንክስ ነው፤ የፈጀባቸውም 27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነበር።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ፤ የዚህ ሙያ እውነተኛ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 2.40 ሜትር ነው። ለማንክስ ከዚህ ላይ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተቆርጦ ይወጣል። ቆረጣው የሚካሄደው እንደ ሞላ የሚያገለግለውን የኋላ የቶርሽን ዘንግ ከያዘው ቧንቧ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ ሁለቱ ክፍሎች ተገጣጥመው ይበየዳሉ። መጀመሪያ ግን ነዳጁ ይቀዳል፣ የነዳጁ መስመርም ይጸዳል። የቤንዚን ቱቦ ባለበት ብረት ላይ ግራይንደር ማስነሣት ነፍስ ያጠፋልና።

ቱቦው የሚያልፈው ወለሉን መሐል ለመሐል በሚከፍለው ጉብ ያለ ብረት ውስጥ ነው። የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑ ካቮ፣ የነዳጅ መስጫውና የእጅ ፍሬኑ ካቮዎችም የሚሄዱት በዚያው ነው። ወለሉ ሲያጥር እነዚህ ሁሉ በልኩ ማጠር አለባቸው። የማርሹ ዘንግ ተቆርጦ ሲበየድ በጥቂቱ እንኳ ከጠመመ ወይም ከዞረ ማርሽ እሺ ብሎ አይገባም። ወለሉ ራሱ በመጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዛል። ከዚያ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ በሰያፍ ይለካል። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልመጡ ነጥቦቹ ተፈልጠው እንደገና ይጀመራል። ትዕግሥት ያጣ ሰው ይህን ደረጃ ቢዘል መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ስትስብ ትኖራለች። ብየዳው ላይ ያልተማመነ ሠሪ ደግሞ ይህን አንድ ሥራ ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል፤ የተሳፋሪዎቹ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያ መስመር ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሰፊ ቢሆንም የሚያስፈራ አይደለም። የፋይበር ግላሱ ቦዲ ይቀመጣል፣ ቀዳዳዎቹ ይበሳሉ፣ የመብራቱ መስመር በአዲስ ሽቦ ይዘረጋል፣ የፍሬን ሸራውና የፍሬን ቱቦው ይታደሳል። አዲሱ ቦዲ ከብረቱ ብዙ ስለሚቀል የኋላው ሱስፔንሽን መኪናዋን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ያቆማታል፤ የቶርሽን ዘንጎቹ ከጥርሳቸው ወጥተው በአዲስ ቦታ መግባት አለባቸው። አንድ ስሕተት ደግሞ ደጋግሞ ይታያል። ሞተሩ በግልጽ ስለሚታይ ብዙዎች ለውበት ብለው በዙሪያው ያለውን ላሜራ ይነቅሉታል። ያ ላሜራ ግን ጌጥ አይደለም። ቬንትሌተሩ የሚነፋውን አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራው፣ ከሥር የሚወጣውም ሙቅ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከለክለው እሱ ነው። ከተነቀለ ሞተሩ ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ ዕድሜ የለውም።

ቮልስ ብቸኛዋ ለጋሽ አይደለችም። በእንግሊዝ ኮሊን ቻፕማን በ1957 ያወጣት ሎተስ ሰቨን በኪት የተሸጠችው ተገጣጥሞ በሚሸጥ መኪና ላይ ከሚጣለው የግዢ ግብር ለማምለጥ ነበር። በ1996 ደግሞ ሮን ቻምፒየን የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሰው ሻንሲውን ራሱ ከባለ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ በይዶ፣ የአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ሞተርና ካምቢዮ ገጥሞ፣ በ250 ፓውንድ የስፖርት መኪና መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ። አሜሪካ ውስጥ ፋክተሪ ፋይቭ የተባለው ድርጅት ሱባሩ ኢምፕሬዛን ለጋሽ ያደረገ ኪት አውጥቷል፤ 818 የሚለው ስሙም የመጣው በኪሎ ግራም ከታለመላት ክብደት ነው።

የሜየርስ ሥራ ግን በገዛ ስኬቱ ተጎዳ። ከማንክስ ሻጋታ እየቀዱ አስመስለው የሚሠሩ ድርጅቶች በየቦታው ፈሉ፤ ሜየርስ ቢከስም ፍርድ ቤቱ ንድፉ በፓተንት ሊጠበቅ አይችልም ብሎ ፈረደበት። እርሱ ከ5000 በላይ ኪቶች ሸጦ በ1971 ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ቅጂዎቹ ከዋናዎቹ ብዙ እጥፍ ሆነው ነበር። ይህ ፍርድ የሚያስቆጭ ነው። የቅርጹ አባት ማን እንደሆነ የሚጠራጠር አልነበረምና። በ2014 የመጀመሪያዋ ቀይ መኪና በአሜሪካ ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ላይ ሰፈረች።

ዛሬ ለጋሿ ራሷ ውድ ሆናለች። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ቮልስ ምርቷ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 ቆሟል፤ ጤነኛ ቮልስ ያገኘ ሰውም ብሎኗን ከመፍታት ይልቅ እንዳለች ማደስን ይመርጣል። አዲስ ማንክስ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ቦዲዋ በዝገት ያለቀ፣ ወለሏ ግን ያልተበላ መኪና ነው። ሜየርስም በስተርጅና ወደ ሙያው ሲመለስ ያወጣት ማንክስተር የምትባለው ባለ አራት ወንበር ኪት በሙሉው የቮልስ ወለል ላይ የምታርፍ ናት። ቆረጣ የለባትም፣ ካቮዎቿም በነበሩበት ርዝመት ይቀራሉ፤ ብየዳ የሚያስፈራው ሰው በዚያች መጀመር ይችላል።