ለካማሺ ውሻ የጂኖም ምርመራ ምን ይሠራል?

ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። አሜሪካ ውስጥ ውሻቸው ካንሰር የያዘባቸው ሰዎች ከዕጢው ቁራጭ ተወስዶ ላቦራቶሪ ይላክላቸዋል። ከዚያ «የውሻዎ ካንሰር እዚህ ጂን ላይ ለውጥ አለው፣ ይሄ መድኃኒት ሊሠራለት ይችላል» የሚል ሪፖርት ይመጣል። ከሥር የሚጻፈውን አስተያየት መገመት አይከብድም፦ «እኛ ሰው የምናሳክምበት አጥተናል፣ እነሱ የውሻ ጂኖም ያስነብባሉ!» ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን ካማሺ ስለምኖር አላውቅም፣ እኔ ግን ነገሩን በስድብ ብቻ ማለፍ አልሆነልኝም። ይሄ ሳይንስ እኛ ጋ ሲደርስ ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ሳይንሱ። የውሻ ሙሉ ጂኖም ተነቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ዲኤንኤዋ የተነበበው ታሻ የምትባል ቦክሰር ውሻ ስትሆን፣ የተገኘው 2.4 ቢሊዮን ገደማ «ፊደል» ነው። ካንሰር የሚነሳው ከእነዚህ ፊደላት አንዳንዶቹ ተበላሽተው ሕዋሱ ያለ ልክ ሲባዛ ነው። የተበላሸውን ፊደል ለይቶ ለእሱ የሚስማማውን መድኃኒት መምረጥ ነው እንግዲህ ፕሪሲዥን ሜዲስን የሚባለው።

ጥሩ ምሳሌው የፊኛ ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡ ጥናቶች በአብዛኛው የውሻ ፊኛ ካንሰር ውስጥ ቢራፍ በሚባለው ጂን ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ እንዳለ አሳዩ። የዚህ አቻ የሆነ ለውጥ ሜላኖማ በሚባለው የሰው የቆዳ ካንሰር ላይም በብዛት ይገኛል። ዛሬ ይህን ለውጥ ከውሻው ሽንት ብቻ መፈለግ ይቻላል፣ መቅደድ የለም። ስኮቲሽ ቴሪየር የሚባለው ዝርያ በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ውሾች ከ18 እስከ 20 እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ለእሱ ባለቤት ምርመራው ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ትምህርቴ ልመለስ። መረጃ ዋጋ የሚኖረው ውሳኔ ሲቀይር ነው። መልሱ ምንም ሆነ ምን የምታደርጉት ያው ከሆነ፣ ምርመራው በነፃ ቢሰጥም ትርፍ የለውም። መልሱ የምታደርጉትን የሚለውጥ ከሆነ ደግሞ ተራ የሚመስል ምርመራም ወርቅ ነው።

በዚህ ሚዛን የካማሺን ውሻ እንየው። እዚህ ውሻ ሠራተኛ ነው። በቆሎና ማሽላ ሲደርስ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚያባርረው እሱ ነው። አንድ ጎረቤታችን አዛውንት ብልቱ አካባቢ እንደ አበባ ጎመን የፈካና የሚደማ ዕጢ ያወጣ ውሻ አላቸው። «አባባ፣ ለምን አያስወግዱትም?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እሱ ከሌለ ማሳውን ማን ሊጠብቅልኝ ነው? ይሄ ልጅ ከትምህርት ቤት ሊቀር ነው» ብለው የልጅ ልጃቸውን አሳዩኝ። የውሻው ዋጋ ከዚህ በላይ በምን ይሰላል?

እንዲህ ያለ ዕጢ ልቅ በሚዞሩ ውሾች ላይ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲቲቪቲ የሚባል ካንሰር ነው። ይሄ ካንሰር ይተላለፋል። የሚተላለፈው ቫይረስ አይደለም፣ የካንሰር ሕዋሱ ራሱ ነው። ውሾች ሲገናኙ፣ ሲላላሱ ወይም ሲነካከሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። የጤነኛ ውሻ ሕዋስ 78 ክሮሞዞም ሲኖረው፣ የዚህ ዕጢ ሕዋስ ከ57 እስከ 64 ብቻ ነው ያለው፤ ምክንያቱም የታመመው ውሻ የራሱ ሕዋስ አይደለም።

የማን ነው ታዲያ? በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኤሊዛቤት መርቺሰን ቡድን ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ 546 ዕጢዎችን ጂን አንብቦ እ.ኤ.አ. በ2019 መልሱን አሳተመ። ሁሉም ከአንድ ውሻ የመጡ ናቸው። ያ ውሻ ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት እስያ ውስጥ ይኖር ነበር። እሱ ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፣ ካንሰሩ ግን አሁንም ከውሻ ወደ ውሻ እየኖረ ነው። ለዚህ ዕውቀት ናሙና ከሆኑት መካከል የመንደርና የጎዳና ውሾችም እንዳሉ ልብ በሉ።

የሚገርመው ይሄ ነው፦ ሲቲቪቲ የትም ቦታ ያው አንድ ካንሰር ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ውሻ ጂኖም ማስነበብ አያስፈልግም። የሚሠራለት መድኃኒት ይታወቃል። ቪንክሪስቲን ይባላል፤ የማዳጋስካር ተወላጅ ከሆነች አበባ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሕፃናትን የደም ካንሰር ለማከም ያገለግላል። በሳምንት አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኞቹ ውሾች ይድናሉ። የጂን ምርመራ ቦታው ምናልባት እዚህ ጋ ነው፦ ኮሊን የመሰሉ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች ኤምዲአር1 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ካላቸው መድኃኒቱ ሊጎዳቸው ስለሚችል መጠኑ ይቀነሳል።

ስለዚህ ለካማሺ «ፕሪሲዥን» ማለት ማይክሮስኮፕ ነው። ከዕጢው በመርፌ ወይም ስላይድ በማስነካት ናሙና ይወሰዳል፣ ጂምሳ በሚባለው ቀለም ይቀባል፣ ይታያል። ይሄ ደግሞ ለክልላችን እንግዳ አይደለም። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው የከብት ገንዲ የሚመረመረውም በማይክሮስኮፕና በዚሁ ቀለም ነው። አሶሳ የክልል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። የጎደለው ሌላ ነው። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለ ቪንክሪስቲን ስጠይቀው «ለከብቱም መድኃኒት እየተቸገርን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በጀት ሲጠብ ከብት ይቀድማል፣ ከውሻ በሽታ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይቀድማል፤ እሱ ሰው ይገድላላ። በዚህ ቅደም ተከተል አልከራከርም። ግን ውሻ ለመከተብ የሚወጣ ባለሙያ በዚያው ዕጢ ያለበትን ቢመዘግብና ናሙና ቢወስድ፣ ተጨማሪው ወጪ ጥቂት ስላይድና ትንሽ ጊዜ ነው።

እናንተስ? ውሻችሁ ላይ የሚደማ እብጠት ካያችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። እስኪታከም ድረስ ከሌሎች ውሾች ለዩት። መድኃኒቱን ከየትም ገዝታችሁ ራሳችሁ እንዳትወጉ፤ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል። በሕክምናው ሰሞን የውሻውን ሽንትና ዓይነ ምድር በጓንት አጽዱ፣ ሕፃናትንም አርቁ። መርዝ ከማብላታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፦ የሚድን ካንሰር ነው፣ መኸር ሲደርስም ማሳው ጠባቂ ይፈልጋል።