ባቡሩ ሐረር ያልወጣበት ምክንያት

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ወደ መሀል አገር የሚዘልቀው የምድር ባቡር ታሪክ፣ ካርታ ዘርግተን ከተማርናቸው ብዙ ትምህርቶች ይልቅ አንድ ነገር በሚገባ አስረድቶናል። ይኸውም ከግብ የሚያደርሰው መንገድ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግቡ ያቀናው አለመሆኑን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር እንዲዘረጋ ታስቦ ነበር። በዚያ ዘመን የምሥራቁ ንግድ ማለት ሐረር ነበረች። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ በግመል ተጭኖ ወደ ባሕር የሚወርደው ከእርሷ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ሐዲዱን በዚያ አቀበት ማውጣት ገንዘብንም ጊዜንም የሚበላ ሆኖ ተገኘ። በመሆኑም መሐንዲሶቹ ተራራውን ትተው በእግሩ ሥር ባለው ቆላ አለፉ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ስፍራ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ በኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስሙ ጸና።

ኩባንያው ከዚያ ወዲያ ገንዘብ አጥሮት ፈረሰ፤ በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሌላ ኩባንያ ተላልፎ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐረር እንውጣ ተብሎ ከአቀበቱ ጋር ትግል ቢገጠም ኖሮ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ከተራራው ላይ ሳይቀር አይቀርም ነበር ብለን እናምናለን።

ለወታደር ይህ እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ በግንባር የተሰነዘረው ጥቃት ብዙ ጀግና አስፈጀ እንጂ ግንቡን አላስደፈረም። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ በተያዘ ጊዜ ግን፣ በጥር ወር ጠላት ምሽጉን ለቅቆ ወጣ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አንድ ባልደረባችን ሃምሳ አለቃ በየወሩ ከደመወዙ የተረፈውን ለማስቀመጥ ይምላል፤ የሚተርፍ ግን አልነበረም። ባለቤቱ ስለዚህ ነገር መጨቃጨቁን ተወችና ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ዕቁብ ገባች። ዕጣው ሲደርሳት የልብስ ስፌት መኪና ገዛች። ባልየው ተገርሞ እንዴት እንደሆነላት ቢጠይቃት፣ «ለራስህ የገባኸውን ቃል ስታጥፍ የሚያይህ የለም፤ የዕቁቡን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል» አለችው። ለመቆጠብ ብሎ የተነሣው አልቆጠበም፤ ከጎረቤት ላለማፈር የተጋችው ቆጠበች። (ሃምሳ አለቃው አሁን በየደመወዙ ቀን የዕቁቡን ድርሻ ራሱ ቆጥሮ ይሰጣል።)

ነገር ግን ዙሪያውን የሄደ ሁሉ ያለ ኪሳራ ደረሰ ብለን አንጽፍም። ሐዲዱ ጅቡቲን ባበለጸገ መጠን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የግመል ጓዝ ይወርድባት የነበረችው የዘይላ ወደብ ደርቃ ቀረች። የሐረርም ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ለሥራው ሁሉ መነሻ የነበረችው ከተማ የባቡር ፉጨት በደጇ ሳትሰማ ቀረች። መሐንዲሶቹ ትክክል ነበሩ፤ ሐረሬው ነጋዴም ቢያዝን እውነት ነበረው።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ተመርቆ ሲከፈት፣ እርሱም ያንኑ የቆላ አቅጣጫ ተከተለ። በባቡር ወደ ጅቡቲ መሄድ የፈለገ የሐረር ሰው ዛሬም አስቀድሞ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል።