ፀሐይ የማታያቸው ኮራሎች

ኮራል ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው የቀይ ባሕር ሞቃት ውሃና ባለብዙ ቀለም ዓሣ ነው። ከሚታወቁት የኮራል ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን ኑሯቸው ጥልቅና ጨለማ ውሃ ውስጥ ነው።

በቀዝቃዛው ባሕር ስመ ጥሩው ግንበኛ ሎፌሊያ ይባላል። የሞቃት ባሕር ዘመዶቹ በሰውነታቸው ያስጠጓቸው አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ቀለብ ያዘጋጁላቸዋል፤ ሎፌሊያ ያ ዕድል የለውም። ከ4 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጅረት ያመጣለትን ጥቃቅን ነፍሳት እያጠመደ ይኖራል። በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ነው። ልጅ በአባቱ አጽም ላይ እየሠራ በሺህ ዓመታት ጉብታ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች አቅራቢያ የተገኘው የሮስት ሪፍ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ2024 ይፋ የሆነ ካርታ ደግሞ ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ባሻገር፣ ብሌክ በተባለው የባሕር ውስጥ አምባ፣ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን የኮራል አገር አሳይቷል፤ ከጣና ሐይቅ ሰባት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ዓሣ አጥማጁ ግን ከካርታ ሠሪው ቀድሟል። ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያሉት የዳርዊን ጉብታዎች በ1998 ተገኙ፤ ብዙም ሳይቆይ የባሕሩን ወለል እየፋቀ የሚጎተተው ከባድ መረብ የተወው ቦይ ታየባቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ቦታውን ለእንዲህ ያለው መረብ ዘጋ። ከስምንት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሲመለሱ ብዙም ያልተነካው ክፍል በሕይወት ነበር። ክፉኛ የተፋቀው ግን አላገገመም።

ታዲያ መልሶ መትከል ይቻላል? በስዊድን የቲያርኖ ቤተ ሙከራ ሎፌሊያን አራብተው ዕጮቹ ለሳምንታት ሲዋኙ ተከታትለዋል፤ ለማረፊያ የሚሆኑ ሰው ሠራሽ መዋቅሮችም ወደ ባሕር አውርደዋል። ከሁሉ የሚማርከው ግን በስፔን ካፕ ደ ክሬውስ የተሞከረው ነው። ጎርጎኒያ የሚባሉት፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንዠረገጉ ኮራሎች በአጥማጆች መረብ ተጠላልፈው ይወጣሉ። ተመራማሪዎቹ በገንዳ ያቆዩአቸውና እያንዳንዱን ከድንጋይ ጋር አጣብቀው ከጀልባ ይለቋቸዋል። ድንጋዩ ወደ ታች ይጎትታል፣ ቅርንጫፉ ወደ ላይ ይቀራል፤ ልክ እንደ ባድሚንተን ባለላባ ኳስ። ዘዴውም ስሙን ከዚያው ወሰደ። ውድ መርከብና ሰርጓጅ ሮቦት አለመጠየቁ ትልቅ ነገር ነው።

ድንጋይ እየለጠፉ መጣል ግን የባሕሩን አሲዳማነት አይመልስም። ውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጠጣ ቁጥር ሕያው ኮራልን የተሸከመው የሞተ አጽም፣ መከላከያ ሥጋ ስለሌለው፣ እንደ ሽማግሌ አጥንት እየሳሳ ይሰበራል።

እስካሁን ባለው ማስረጃ ተከላው ገና ሙከራ ነው፤ ሚዛን የሚደፋው መረቡ ሳይደርስ ቦታውን መዝጋት ነው። በአውሮፓ ይህን ቀድማ ያደረገችው ኖርዌይ ናት፤ የሱላን ሪፍ በ1999 ለጎታች መረብ ዘግታለች።