ከፍንጃሉ በፊት

“ሽያጭና ማርኬቲንግ ያው አንድ አይደሉም እንዴ?” እያላችሁ ለምትሞግቱኝ ወዳጆቼ፣ ዛሬ መልሱን ካርቱም መንገድ ዳር እንፈልገው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት ወደነበረችው ካርቱም እንሂድና አንዲት ሲት ሻይ ፊት እንቀመጥ።

“ሲት ሻይ” ሱዳኖች ከቤት ውጭ ሻይና ቡና አፍልታ የምትሸጠውን ሴት የሚጠሩበት ስም ነው። ከነዚህ ሴቶች መካከል የኛው አገር ልጆችም ነበሩ። ቃሉም አያስቸግራቸውም፤ ጀበናው እዚያም ጀበና ነው፣ ፍንጃሉም ፊንጃን።

አንድ ሰው መጣ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ “ጀበና” አለ። ቀዳችለት፤ ጠጣ፣ ከፈለ፣ ሄደ። ሽያጭ ማለት ይኼው ነው፤ ቡናው ገንዘብ ሆነ። ማታ ገንዘቧን ስትቆጥር ውጤቱን ታየዋለች።

ግን ሰውየው ሌሎቹን አልፎ ለምን እሷ ጋ ተቀመጠ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው! ቦታዋን ስትመርጥ መሥሪያ ቤት አጠገብ፣ የኒም ዛፍ ሥር አደረገችው። ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚያልፍበት ከተማ ጥላው ከቡናው እኩል ይፈለጋል። አገሯ ሳለች ቡናዋን በጤና አዳም ትጠጣ ይሆናል፤ ለደንበኞቿ ግን ዝንጅብል ትጨምራለች፣ ሱዳኖች የሚወዱት እንደዚያ ነውና። ዕጣኗ ከሩቅ ይጣራል። ስኳር የሚያበዛውንና የሚያሳንሰውን ለይታ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ማርኬቲንግ ነው፤ ሰውየው ገና መንገድ ላይ እያለ ያለቀ ሥራ።

“የለም፣ በጤና አዳም ነው የሚጣፍጠው” ብላ አላፊ አግዳሚውን ስታግባባ ብትውል፣ ጎበዝ ሻጭ ልትሆን ትችል ነበር፤ ማርኬቲንጓ ግን ደካማ ይሆን ነበር። የሃርቫርዱ ቴዎዶር ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ልዩነቱን ያየው በዚህ በኩል ነበር፤ ሽያጭ ከሻጩ ፍላጎት ይነሣል፣ ማርኬቲንግ ከገዢው።

አማርኛችንም ትንሽ ያሳስተናል። ማርኬቲንግን “ግብይት” ስንለው መግዛትና መሸጥ ብቻ ይመስላል፤ “ማስታወቂያ” ስንለው ደግሞ ከአካሉ አንዲቱን ጣት ይዘን ቀረን። ሙሉ አካሉን ለማየት ሱዳን የተወለደው ሞ ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋመውን የሞባይል ስልክ ኩባንያ፣ ሴልቴልን፣ ተመልከቱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መካከል የሮሚንግ ክፍያን፣ ማለትም ስልክን ሌላ አገር ይዞ ሲጠቀሙ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ፣ አስቀረ። ድንበር ተሻግረው ለሚነግዱና ዘመድ ለሚጠይቁ ሰዎች ትልቁ ራስ ምታት ክፍያው መሆኑን ማወቅ፣ ከዚያም አገልግሎቱንና ዋጋውን በዚያው ልክ መቅረጽ ማርኬቲንግ ነው። በየሱቁ ካርዱን ለደንበኛ የሚያቀብለው ልጅ ሽያጩን ይሠራል።

ድንበሩ የሚደበዝዝበት ጊዜም አለ። ሲት ሻይዋ “መርቂልኝ” ላላት ደንበኛ ትንሽ ብትጨምርለት ምን እንበለው? የዛሬውን ሒሳብ ለመዝጋት ከሆነ ሽያጭ ነው። ነገ ጓደኛውን ይዞ እንዲመለስ አስባ ከሆነ ግን ማርኬቲንግ ነው።

በትልልቅ ድርጅቶች ሁለቱ ሥራዎች በሁለት ክፍል ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። የወሩን ኮታ የሚያሳድደው ሻጭ “ዋጋው አልቀመስ አለ” ይላል፤ የማርኬቲንጉ ሰው “ሻጮቹ ናቸው የሰነፉት” ይላል። ገዢው ፊቱን ሲያጨማድድ ያየው ሻጩ ነው፤ ዋጋና ዓይነት የሚወስነው ደግሞ ሌላው ክፍል። ያየው ለወሰነው ካልነገረው ሁለቱም በጨለማ ይሠራሉ።

ሲት ሻይዋ ይህ ጣጣ የለባትም። ደንበኛው መጀመሪያ ፉት ሲል ፊቱን ከቋጠረ፣ ለሁለተኛው ፍንጃል ዝንጅብሉን ትቀንሳለች።